ዋጋ፣ ሥራ፣ ዶላርና ጤፍ፦ የኢኮኖሚ ቁጥሮች ለምን አንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዴ ይለያያሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜና ላይ «ኢኮኖሚው አድጓል» ይባላል። ገበያ ሲወጣ ግን ሽንኩርቱ አይቀመስም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው? ብዙ ጊዜ ማንም አልዋሸም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው የተቀየረው። ይህ ገጽ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በባቲ ያሉ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና ከውጭ ሃዋላ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አዘውትረው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የኢኮኖሚ ዑደት ምንድን ነው? ክረምትና በጋ እንደማለት ነው?

አይደለም፤ ሁለቱ ይምታታሉ። ጤፍ በጥር ረከስ ብሎ በነሐሴ መወደዱ ወቅት ነው። በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ ይሄዳል። ዑደት ግን ከዚያ የሚረዝም ነገር ነው። ኢኮኖሚው ይሟሟቃል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ያገግማል። ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል የሚባል ቀጠሮ የለውም።

በበለጸጉት አገሮች ዑደቱን በአብዛኛው የሚነዱት ብድር፣ ኢንቨስትመንትና የሸማቹ ስሜት ናቸው። እኛ ዘንድ ዝናብ፣ የውጭ ምንዛሪና ሰላም ይጨመሩበታል። ወሎ ላይ ደግሞ ዝናቡ ራሱ ሁለት ነው፤ በልግና መኸር። ደጋው ላይ በልግ ሲቀር የሚጎዳው ሰውና ቆላው ላይ ማሽላው ሲደርቅበት የሚጎዳው ሰው አንድ አይደሉም።

ለማንኛውም ዘንድሮን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩ። የነሐሴን ዋጋ ከጥር ጋር አስተያይቶ «ጉድ ፈላ» ማለት የትም አያደርስም።

የዋጋ ንረት ሲጨምር ሥራ አጥነት ይቀንሳል ብለን ተምረናል። እውነት ነው?

አንዳንዴ። ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ፊሊፕስ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ምሁር በ1958 ባወጣው ጥናት ከ1861 እስከ 1957 ያለውን የእንግሊዝ መረጃ ዘርግቶ አየ። ሥራ አጥ በቀነሰባቸው ዓመታት ደመወዝ ቶሎ ቶሎ ይጨምር ነበር። ሥራ አጥ ሲበዛ ጭማሪው ይቀዘቅዛል። ከእሱ በኋላ የመጡት ደመወዙን በዋጋ ንረት ተኩት። ብዙ መንግሥታትም ትንሽ ንረት ታግሰን ሥራ እንፈጥራለን አሉ።

ከዚያ 1973 መጣ። የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። አሜሪካን ጨምሮ ዋጋም ሥራ አጥነትም አንድ ላይ ወደ ላይ ወጡ። የተማርነው ነገር ተገለበጠ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ኃላፊ ፖል ቮልከር ወለድን 20 በመቶ አካባቢ አደረሱት። ንረቱ ወረደ። ሥራ አጥነት ግን በ1982 መጨረሻ 10.8 በመቶ ገባ። የድሮው ግንኙነት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2019 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ሥራ አጥነት ወደ 3.5 በመቶ ሲወርድ ዋጋው ከ2 በመቶ አካባቢ ንቅንቅ አላለም። አገሩ አንድ፣ ግንኙነቱ ሦስት ዓይነት!

ልዩነቱን የፈጠረው ዋጋው የወጣበት ምክንያት ነው። ሰው ብር ይዞ ሊገዛ ስለተሻማ ከሆነ ፋብሪካውም ሰው ይቀጥራል። ዕቃ ወይም ነዳጅ ስለጠፋ ከሆነ ግን ፋብሪካው ራሱ ይቆማል። ስለዚህ «ዋጋ ቢጨምር ሥራ ምን ይሆናል?» ከማለት በፊት «ዋጋው በምን ምክንያት ጨመረ?» ማለት ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚዞረው በዚህችው ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በእኛ አገርስ ዕድገትና የዋጋ ንረት አብረው ነው የሚሄዱት?

ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም አይተናል።

በ2001 መኸሩ ሸጋ ነበር። ኢኮኖሚው ወደ 8 በመቶ አደገ። አጠቃላይ ዋጋ ደግሞ በ8 በመቶ ገደማ ወረደ። አዎ፣ ወረደ። የበቆሎ አምራቾች ዋጋው እጃቸው ላይ ወድቆባቸው የተጨነቁበት ጊዜ ነው። ከዚያ ድርቅ መጣ። በ2003 ኢኮኖሚው በ2 በመቶ ገደማ ተኮማተረ፤ ንረቱ ወደ 18 በመቶ ዘለለ። እስከዚህ ድረስ ካየነው ዕድገትና ንረት ባላንጣ ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ገበሬ በሚበዛበት አገር ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ምርቱ ነው ዋጋውን የሚያዘው።

ከ2004 እስከ 2008 ግን ታሪኩ ተቀየረ። ዕድገቱ በየዓመቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። ንረቱም አብሮ ወጣ። በ2008 ኢኮኖሚው ከ10 በመቶ በላይ አደገ ሲባል የዓመቱ አማካይ ንረት 44 በመቶ ደርሶ ነበር። መንግሥት መንገድና ግድብ ይሠራል፣ ብድር ይለቀቃል፣ በኢኮኖሚው ውስጥ የሚዞረው ብር ይበዛል። በዚያ ላይ የዓለም የምግብና የነዳጅ ዋጋ እሳት ሆነ። በ2003 ተነስቶ «ኢኮኖሚው ካደገ ዋጋ ይረግባል» ያለ ሰው በ2008 ጉድ ይሆን ነበር። ያየው ቁጥር ትክክል ነው፤ ዘመኑ ግን አልፎበታል።

ጉዳዩ የፍላጎት ይሁን የአቅርቦት፣ ኢኮኖሚክስ ሳልማር በምን ልወቅ?

ዋጋን ብቻ አትዩ፤ መጠኑንም እዩ። እህል ተራ ሂዱና ጫኝና አውራጆቹን ተመልከቱ። ዋጋ ጨምሮ እነሱም እረፍት ካጡ፣ ሲኖትራኩ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ገዢ በዝቷል። ዋጋ ጨምሮ እነሱ ጥላ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ወሬ ከያዙ፣ ዕቃው አልገባም። ሲሚንቶ መሸጫ በር ላይም ያው ነው።

ሦስተኛም አለ። ዋጋው ረግቷል፣ ጫኞቹም ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ይህን «ገበያው ተረጋጋ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ ግን ከሦስቱ በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ገዢው ኪስ ውስጥ ምንም ላይኖር ይችላል። ወሎ ይህን በደም የተጻፈ ትምህርት አድርጎ ያውቀዋል።

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደሴ ላይ እህል ያን ያህል አልተወደደም ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህን ጉዳይ በዓለም ደረጃ ያነሳው በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ነው። ያገኘው ነገር የተለመደውን አስተሳሰብ ያፋለሰ ነበር። በ1973 የኢትዮጵያ አጠቃላይ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም። የወደቀው የወሎ ምርት ነው። ያም ሆኖ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልራቀም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደነበር ጽፏል።

የሴን ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ሲያስቡት ግን ያማል። ለገበሬው አዝመራው ምግቡም ገቢውም ነው። አዝመራው ሲጠፋ የሚበላው ብቻ አይደለም የጠፋው፤ የሚገዛበትም ብር አብሮ ጠፋ። ብር የሌለው ሰው ቢራብም ገበያው አያየውም። ፍላጎት ማለት በገበያ ቋንቋ ብር የያዘ ፍላጎት ነው። ስለዚህ ዋጋው ዝም አለ።

በዚህ የማይስማሙ ተመራማሪዎችም አሉ። የደሴ ዋጋ የገጠሩን ገበያ አያሳይም፣ መንገድና ማጓጓዣም እህሉን አላስገባም ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። በሁለቱም ወገን ብንሄድ ግን የከተማን ዋጋ ብቻ አይቶ «ችግር የለም» ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነው። በደህና ዓመት ዋጋና እጥረት አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በክፉ ዓመት ያ ክር ሊበጠስ ይችላል።

የባቲ ነጋዴዎች «ፍየልና ማሽላ ሲለያዩ ክፉ ቀን ነው» ይላሉ። ይህ ከኢኮኖሚክስ ጋር ይገናኛል?

እንዴታ! የዕርዳታ ድርጅቶችና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የሚከታተሉት ይህንኑ ነው።

የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ነው። ከቆላው ከብት፣ ፍየልና ግመል ይመጣል፤ ከደጋው እህል ይወርዳል። በደህና ዓመት የፍየልና የማሽላ ዋጋ ተቀራርበው ይጓዛሉ። ኑሮ ሲወደድ ሁለቱም ይወደዳሉ። አርብቶ አደሩ ፍየሉን በውድ ሸጦ እህሉን በውድ ይገዛል። ብዙም አይጎዳም።

ድርቅ ሲመጣ ግን አቅጣጫቸው ይለያያል። ግጦሽ ስለሌለ ሁሉም ሳይሞትብኝ ልሽጥ ይላል። ፍየሉ ከስቷል፣ ሻጩ በዝቷል፣ ዋጋው ይወርዳል። እህል ደግሞ ጠፍቷልና ይወጣል። ለስሌት ያህል አንድ ፍየል 5,000 ብር፣ አንድ ኩንታል ማሽላም 5,000 ብር ነበር እንበል። አንድ ፍየል አንድ ኩንታል ያመጣል። ፍየሉ ወደ 3,000 ወርዶ ማሽላው 7,500 ሲገባ ያው ፍየል 40 ኪሎ ብቻ ያመጣል። የማሽላው ዋጋ የጨመረው በግማሽ ነው። የባለፍየሉ የመግዛት አቅም የወረደው ግን በ60 በመቶ ነው።

የዋጋ ንረት አሃዝ ይህን አያሳያችሁም። እንዲያውም የከብቱ ዋጋ ስለወረደ የሥጋ ዋጋ ረግቶ አሃዙን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ባቲ ላይ ቆሞ ሁለት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ ከአንድ ወፍራም ሪፖርት ቀድሞ ያውቃል።

ብር ከዶላር አንጻር ያን ያህል ወድቆ የዋጋ ንረቱ ለምን አልፈነዳም?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ገባ። በዓመቱ ከ130 አልፏል። ብዙዎቻችን የጠበቅነው የ2010ሩን ነው። ያኔ የብር ተመን ተቀነሰ፤ በ2011 ንረቱ 33 በመቶ ደረሰ፤ የዓለም ዋጋም አግዞት ነበር። የአሁኑ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ዓመታዊው ንረት ከ18 በመቶ በላይ የነበረው ከዓመት በኋላ 14 በመቶ አካባቢ ሆነ።

ለምን? አንደኛ፣ ነጋዴው ድሮም ዕቃውን ይተምን የነበረው በጥቁር ገበያ ዶላር ነው። የባንኩ ተመን ወደ ጥቁር ገበያው ቀረበ እንጂ ለኮምቦልቻው መለዋወጫ ሻጭ ዶላሩ ድሮም ውድ ነበር። ሁለተኛ፣ ብድሩ አስቀድሞ ታንቆ ነበር፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። እና ምንዛሪው በዋጋ ላይ የሚያሳድረው ጫና ገበያው ብር በተትረፈረፈበት ጊዜና ብር ባጠረበት ጊዜ እኩል አይደለም።

ይህ ማለት ግን ማንም አልተጎዳም ማለት አይደለም። የውጭ መድኃኒት የሚገዛ ታማሚ በመንግሥት ተመን ያገኘው የነበረው ነገር ቀርቶበታል።

ወለድ ቢጨምር ዋጋ ይቀንሳል አይደል?

በመጽሐፉ አዎ። እኛ ዘንድ ግን ለረጅም ጊዜ ወለድ ጥርስ አልነበረውም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2022 የዓመቱ አማካይ ንረት ወደ 34 በመቶ ተጠጋ። ባንክ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 107 ብር አለው፤ አምና 100 ብር የነበረው ዕቃ ግን 134 ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ብር ይዞ ይቀመጣል? መሬት ይገዛል፣ ቤት ይጀምራል፣ ዶላር ያሳድዳል። ብድር ያገኘ ደግሞ በነፃ ያገኘ ያህል ነው።

ለዚህም ነው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በወለዱ ሳይሆን በመጠኑ የመጣው። ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተቀመጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች የሚያስቀምጠው መነሻ ወለድ፣ መጣ። ነጋዴው እንደሚያውቀው በጣሪያው ዘመን ጥያቄው «በስንት ወለድ?» አልነበረም፤ «ጭራሽ አለ ወይ?» ነበር።

ሌላው ነገር መዘግየት ነው። ወለድ ዛሬ ቢጨምር ዋጋ ላይ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሃል ሁለቱ አብረው ሲወጡ ታዩና «ወለድ ነው ዋጋውን ያስወደደው» ያሰኛችኋል።

ሳዑዲ ያለችው እህቴ የምትልከው ብር ከነዳጅ ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?

ነዳጅ ሲወደድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኪስ ይሞላል፤ ግንባታውም የቤት ሠራተኛ ቅጥሩም ይሟሟቃል። እኛ ግን ነዳጁን ከውጭ ነው የምንገዛው። ስለዚህ ያው አንድ ነገር በአንድ በኩል ሃዋላውን ያበረታል፣ በሌላ በኩል ከደሴ ወልዲያ የሚሄደውን ታሪፍ ያስወድዳል።

ሃዋላ ሌላም ጠባይ አለው። አገር ቤት ሲከፋ ይጨምራል። ሰው የሚልከው ትርፍ ስላገኘ ብቻ ሳይሆን «እናት ቸገራት» ስለተባለም ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የባንኩ የሃዋላ አሃዝ ሌላ ታሪክም ያወራል። በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ገንዘቡ በጓሮ ይገባል፤ ሲጠብ ወደ ባንክ ይመለሳል። አሃዙ ቀነሰ ማለት እህቶቻችን መላክ አቆሙ ማለት ላይሆን ይችላል።

የሥራ አጥነት አሃዝ ስለ ዑደቱ ይናገራል?

እኛ ጋ እምብዛም። ሥራ ፈትቶ ለመቀመጥም አቅም ይጠይቃል። የፋብሪካ ሥራው የቀረበት ልጅ በማግስቱ ሊስትሮ ይሆናል፣ ወይ ባጃጅ በፈረቃ ይይዛል፣ ወይ ወላጆቹ ማሳ ይመለሳል። በአሃዙ «ሥራ አለው»። ገቢው ግን ተንዷል።

ሌላ አገርም አሃዙ ይሸውዳል። ጀርመን በ2009 ኢኮኖሚዋ ከ5 በመቶ በላይ ሲወርድ ሥራ አጥነት ብዙም አልጨመረም። መንግሥት የደመወዙን ክፍል እየሸፈነ ሠራተኛው ሳይባረር ሰዓቱ ተቀንሶ ነበር።

የአገሪቱ ቁጥር ወሎን ይገልጻል?

ሁልጊዜ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባንክም መብራትም አልነበረም። ፋብሪካ ተዘርፏል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም አልተረፈም። በላዩ ላይ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ዕድል አስወጣች፤ ልብስ ከቀረጥ ነፃ መላክ ቀረ። የዚያ በጀት ዓመት ይፋዊ አገራዊ ዕድገት ግን 6.4 በመቶ ነው። ሁለቱም ባንድ ዓመት የሆኑ ናቸው። የሰፊ አገር አማካይ ቁጥር የአንድን አካባቢ ገደል ሊሸፍን ይችላል።

ቀድሞ የሚናገር ምልክት አለ?

ሚቼልና በርንስ የተባሉ አሜሪካውያን ከ1938 ጀምሮ ቀድመው የሚቀየሩ፣ አብረው የሚሄዱና ኋላ የሚቀሩ ምልክቶችን ለይተው ነበር። የግንባታ ፈቃድና አዲስ ትዕዛዝ ይቀድማሉ፤ ሥራ አጥነት ይዘገያል። የአጭር ጊዜ ወለድ ከረጅሙ ሲበልጥ ድቀት (የኢኮኖሚ መኮማተር) ይመጣል የሚለውም ዝነኛ ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ይህ ምልክት ታየ፤ ሁሉም ድቀት ጠበቀ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ግን አልመጣም። ዝነኛው ምልክት እንኳ አንዳንዴ ይስታል።

ለወሎ እኔ ብመርጥ የበልግ ዝናብ፣ የባቲ ፍየልና ማሽላ፣ የሲሚንቶ ሽያጭና የጭነት መኪና ኪራይ ይበቁኛል። የቤት ኪራይን አልመርጥም፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የሚነቃው።

ንረቱ ቀነሰ ተብሎ ዋጋው ለምን አልቀነሰም?

ይህ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አጭር ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ንረት 130 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 14 ቢወርድ ዕቃው 148 ብር ከ20 ሳንቲም ይገባል። የቀነሰው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ አምና በዚሁ ወር ዋጋው በጣም ዘሎ ከነበረ የዘንድሮው ጭማሪ በንጽጽር ትንሽ ይመስላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የወሩን አሃዝ ሲያወጣ ከዓመት ዓመት የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከወር ወር የሚለውንም አንብቡ፤ ምግቡን ምግብ ካልሆነው ለይታችሁ።